ማንም የማያስቸኩለው ጉዞ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ባቡርን የሚያውቀው በወሬ ነው። ለገሃርን ያየ ዘመድ ሲያወራ ሰምቶ፣ ድሬዳዋ ደርሶ የተመለሰ ነጋዴ ሲተርክ አድምጦ ያድጋል እንጂ በደብረ ብርሃን ሜዳም ሆነ በመንዝ አምባዎች ላይ ሀዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። የአካባቢያችን ሰው የሚያውቃቸው ጉዞዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው አያቶቻችን በእግርና በበቅሎ የተጓዙት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማ በርን በስቶ ካወጣው መንገድ ወዲህ በመኪና የምንጓዘው ነው። እኔም ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ባቡር መሳፈር የጀመርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ ያውም ሥራ ወደዚያ ስለወሰደኝ እንጂ ባቡር ናፍቄ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በመኪና በተመላለስኩ ቁጥር ሁለቱን ማወዳደር ልማድ ሆኖብኛል፤ ማወዳደሩም «ቀስ ብሎ መጓዝ ጥሩ ነው» ከሚለው የተለመደ ስብከት ወጣ ወዳለ ሐሳብ መርቶኛል።

ከመኪናው ልጀምር። ከላምበረት መናኸሪያ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ አስፋልት፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከሰንዳፋ በኋላ ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ በየደጁ የተከመረ ኩበት ነው። ለዐይን የሚያስከፋ አንዳች ነገር የለበትም። ሆኖም በዚህ መንገድ በሚኒባስም ሆነ በቅጥቅጥ ከተጓዝኩ በኋላ ከሰንዳፋ እስከ ጫጫ ያየሁትን ተናገር ብባል፣ ከከተሞቹ ስም በቀር የምለው አይኖረኝም። ምክንያቱ የመኪናው ፍጥነት ብቻ አይመስለኝም። መኪና ውስጥ ጥድፊያው የሁሉም ሥራ ነው። ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን አይሱዙ ለመቅደም ጥቂት ወጣ እያለ ያያል፤ ረዳቱ በር ላይ ቆሞ የወራጁን ጓዝ ገና መኪናው ሳይቆም ያወርዳል፤ ከኋላ የተቀመጠው «ኧረ ንካው፣ ቀብር ልንደርስ ነው» ይላል፤ ከመሃል አንዲት እናት «ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ ነፍስ ጭነሃል» ይላሉ። እኔ ደግሞ አንድም ቃል ሳልተነፍስ በእግሬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ራሴን አገኘዋለሁ። የጉዞው ፍጥነት በመጠኑም ቢሆን በእጃችን ያለ ስለሚመስለን ሁላችንም በሐሳብ መሪ ጨብጠናል፤ መሪ የጨበጠ ሰው ደግሞ የጎን መስኮት አያይም።

እርግጥ መኪናም የሚዘገይበት ጊዜ አለ። ሰው እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ እንጠብቃለን፤ ኬላ ላይ ወርደን እንፈተሻለን፤ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ መብራት አብርተን እየዳበስን እናልፋለን። ይህ ዝግታ ግን ለማንም ዕረፍት ሲሰጥ አላየሁም። ሰው ሰዓቱን ያያል፣ ስልክ ይደውላል፣ ረዳቱን ይቆጣል፤ መኪናው ሲነሳም የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ከቀድሞው ይብሳል። እንዲህ ያለው ጉዞ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ቢለካ ከባቡሩ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ተሳፋሪው ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲጣደፍ የዋለ ነው።

ባቡር ላይ መቅደም የለም። ነጂው ከፊት ራቅ ብሎ በራሱ ክፍል ስለሚቀመጥ ማንም «ንካው» ሊለው አይችልም፤ ቢለውም ዋጋ የለውም፤ ፍጥነቱን የሚወስኑት መስመሩ፣ የመስመሩ ምልክትና ከወዲያ የሚመጣው ሌላ ባቡር ናቸውና። ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ድርብ ነው። ከአዳማ በኋላ ነጠላ ስለሚሆን፣ ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣው ባቡር እስኪያልፍ የእኛው በአንዱ ጣቢያ ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ። ከብትና ግመል ሀዲድ ላይ ሲገባም እንዲሁ ያዘግማል። በመኪና ቢሆን ጉርምርምታ የሚያስነሳው ይህ መቆም እዚህ ያን ያህል ሰው አያስቆጣም። ከፉሪ ለቡ ስንነሳ ሁሉም ስልኩን ይዞ «ስንት ሰዓት እንገባለን?» ይባባላል፤ ቢሾፍቱን ስናልፍ ጥያቄው ይቀንሳል፤ ሞጆን ስናልፍ ስንቅ ይፈታል። ከመተሐራ ወዲያ ማንም ስለ ሰዓት ሲያነሳ የሰማሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ሰው የማይጨምረውንና የማይቀንሰውን ነገር ማሰብ ሲተው ፊቱ ይፈታል፤ ጎረቤቱንም ያያል።

በአንዱ ጉዞ አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከሞጆ በኋላ ዞር ብለው «ልጄ፣ አገርህ የት ነው?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ነው ስላቸው «እህ፣ ከብርዱ አገር! ታዲያ ይህን ሙቀት እንዴት ልትችለው ነው?» ብለው ከድፎአቸው ቆርሰው ሰጡኝ። እኔም የያዝኩትን የደብረ ሲና ቆሎ አካፈልኳቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቻቸው፣ ከጉርሱም ወደ ድሬዳዋ ስለመጡበት ዘመንና ስለ አሮጌው ባቡር ሲያወጉኝ አዋሽ ደረስን። በመኪና ይህን ያህል ጊዜ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ያን ያህል አውግቶኝ አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ወሬ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ፤ ነገር ግን ወሬው ስለ መንገዱ፣ ስለ ትርፍ ሰውና ስለ ሹፌሩ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ ልመለስ። ስለ ባቡር መጻፍ የፈለግሁትም በዋናነት ከዚያ መስኮት ስላየሁት ነገር ነው። ከአዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ አዋሽ ከተማ ላይ ወደ 1,000 ሜትር የሚወርደው ይህ መስመር መሬቱ እንዴት እንደሚለወጥ ሳይዘልል ያሳያል። የጤፉ ማሳ ሳስቶ ግራሩ ይመጣል፤ ጥቁሩ አፈር በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል፤ የመተሐራ ሸንኮራ አገዳ በድንገት አረንጓዴ ሆኖ ይዘረጋና ይጠፋል። ከዚያ በሰቃ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቷል፤ አሮጌው ሀዲድም ሆነ የመኪናው መንገድ ውኃው እየተከተላቸው በአፈር ሙሌት ከፍ ማለት ግድ ሆኖባቸዋል። ባቡሩ በውኃ መካከል ሲያልፍ፣ ሐይቁ ውስጥ ቆመው የቀሩ የደረቁ ዛፎች ድሮ ዳርቻው የት እንደነበር ይናገራሉ። ከኋላው የፈንታሌ ተራራ ተቀምጧል፤ በ2017 ዓ.ም. በዚያ አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰንብታ ሰው ከቀዬው ሲነሳ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

ከመተሐራ እስከ አዋሽ ባለው ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ በስተግራ በኩል በሩቅ የሚታየው ሰማያዊ ግድግዳ የኛው አገር ነው። ከበታቹ በረኸት፣ ከላይ ቡልጋ፣ ወደ ሰሜን ሲያልፍ አንኮበር፣ ከዚያም ጣርማ በር። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋልኩ ዕለት ለረጅም ጊዜ ከመስኮቱ አልተነሳሁም። በመኪና ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና ወደ ሮቢት ስወርድ ኖሬአለሁ። ያንን ቁልቁለት የማውቀው ግን በጆሮዬ መደፈንና በሆዴ መገለባበጥ ነበር። ዐይኔ ያረፈበት ቢኖር የፊተኛው ጭነት መኪና ጭራ፣ በየኩርባው ጅባራና በመንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። ከታች ሆኜ ስመለከተው ግን ነገሩ አንድ ሆኖ ታየኝ፤ እኛ ደገኞች የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ላይ ነው፤ ባቡሩ የሚሄድበት ሜዳ የሰመጠው መሬት ሲሆን የኛ ደጋ ሳይሰምጥ የቀረው ነው። ጣርማ በር ላይ በስተምዕራብ የወደቀው ዝናብ በበሬሳና በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በስተምሥራቅ የወደቀው ደግሞ በሮቢና በጀውሃ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር ይቀራል። ይህን በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ያመንኩት ግን ከባቡር መስኮት ነው።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩንም ከታች ወደ ላይ ማየት ጀምሬአለሁ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ መናገሻ አንኮበር ነበረች፤ ከበታቿ ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ የደገኛው ገብስና የቆለኛው ጨው፣ የሐረሩ ነጋዴና የአውሳው ሲራራ የሚገናኙበት ገበያ ነበረች። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል የተዋዋሉት የእንግሊዝ መልእክተኞች ከታጁራ ተነስተው በረሃውን አቋርጠው፣ እኔ ከባቡር ሆኜ ያየሁትን ግድግዳ ወጥተው ነው አንኮበር የገቡት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር የደረሰው ወደ አራት ወር ገደማ ተጉዞ ነው። ያን ሁሉ መከራ አይቶ ሲደርስ ምኒልክን አንኮበር አላገኛቸውም፤ እስከ እንጦጦ መቀጠል ነበረበት። ዛሬ ከጅቡቲ የተነሳ ባቡር ያንን የአራት ወር መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ይሸፍነዋል።

ባቡርን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ሰውም በአንኮበር በኩል ነው የመጣው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ደርሶ በምኒልክ አገልግሎት የገባው በ1871 ዓ.ም. ሲሆን፣ የባቡሩን ፈቃድ ያገኘው ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚል ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከዚያ ቀደም ብለው በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ የጀመሩት ባቡር ከተማቸው ሲገባ አላዩም። 784 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ለመዘርጋት 20 ዓመት ፈጀ። ስለ ዝግታ ሲነሳ ይህን የሚያነሳ ሰው አልገጠመኝም፤ ነገር ግን የባቡር ዝግታ ከሁሉ አስቀድሞ የግንባታው ዝግታ ነው።

በኢልግ ፈቃድ ላይ ስሟ የሰፈረው ሐረር ባቡር አላገኘችም። ተራራው ስላስቸገረ መስመሩ በቆላው አልፎ፣ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ፣ ድሬዳዋ፣ ተቆረቆረ። የአንኮበርም ዕጣ ከዚህ የራቀ አይደለም። መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ንግዱ ወደ ሀዲዱ ሄደ፤ የአልዩ አምባ ገበያ የአካባቢው ገበያ ብቻ ሆኖ ቀረ። ዛሬ አንኮበር የሚሄድ ሰው የሚያገኘው ተራራው ላይ ያለውን የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንና ከታች እስከ አፋር የሚዘረጋውን ሜዳ ነው። እኔ በበኩሌ ባቡር አንኮበርን ትቶ ማለፉ የሚያስቆጭ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ ሊወጣው ስለማይችል ነው የተወው።

ለምን እንደማይችል ማስላት ቀላል ነው። ብረት በብረት ላይ ስለሚንሸራተት ከባድ ባቡር የሚወጣው ተዳፋት ከመቶ ሁለት ገደማ ብዙም አያልፍም፤ መቶ ሜትር ሄዶ ሁለት ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ልዩነቱን 1,800 ሜትር ብለን ብንይዘው፣ በመቶ ሁለት ተዳፋት ለመውጣት ቢያንስ 90 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ይጠይቃል። መኪና በግማሹ ገደማ እየተጠማዘዘ ይወጣዋል፤ በቅሎ ደግሞ ከዚያም ባጠረ መንገድ። አገራችን ደጋ ላይ የተሠራችው ማንም በቀላሉ እንዳይወጣባት ተብሎ ስለሆነ፣ ባቡርም ሳይወጣባት ቢቀር ልንከፋበት አይገባም።

ስለ በቅሎ ካነሳሁ አያቴን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። አያቴ ከአንኮበር ወገብ እስከ አልዩ አምባ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘልቀው ወደ ቆላው ገብስና ባቄላ ጭነው እየወረዱ በጨውና በበርበሬ ለውጠው ይመለሱ ነበር። መንገዱን እያንዳንዱን ምንጭና እያንዳንዱን ጥላ በስም ያውቁታል። የት እንደሚታደር፣ ማን «የመሸበት እንግዳ» ሲባል በሩን እንደሚከፍት፣ በየትኛው ወር የትኛው መሻገሪያ እንደሚሞላ ያውቃሉ። ዛሬ በከተማ የሚኖር ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው «ከመሬቱ ጋር መተዋወቅ» የሚባለው ነገር ሁሉ ነበራቸው። አንድ ጊዜ ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝና «ልጄ፣ እግሬ አወቀው እንጂ እኔ መች ወደድኩት?» አሉኝ። የአስፋልቱ መንገድ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሲደርስ ከመንደሩ ሰው ሁሉ በላይ የተደሰቱት እርሳቸው ነበሩ።

ቀስ ብሎ ስለመጓዝ የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች የማይመቹኝ በዚህ ምክንያት ነው። ዝግታን እንደ ጸጋ የሚያወድሱት አብዛኞቹ፣ ሲፈልጉ ፈጥነው መሄድ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የተላከች ምጥ የጠናባት ሴት ዝግታ ምን ይጠቅማታል? ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ሲያጣ በቃሬዛ ለሚሸከሟት ወንድሞቿስ? ከመኪናው መቆም ጋር ደመወዙ የሚቆምበት የቀን ሠራተኛ አለ። እኔ የባቡሩን ዝግታ የወደድኩት መድረሻዬ ላይ የሚጠብቀኝ አስቸኳይ ነገር ባልነበረበት ጊዜ፣ ወንበሬ ላይ ቁጥሬ ተጽፎ፣ ጣሪያ ከላዬ ሆኖ ነው። አያቴ ዝናብ እየወረደባቸው የተጓዙትን መንገድ ከዚህ ጋር በአንድ ስም መጥራት ድፍረት ይመስለኛል።

ባቡርም ቢሆን ጥድፊያ ከገባበት ከመኪና ይከፋል። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ኩርባ ባለበት ድልድይ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የደረሰ ባቡር ከሀዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው እናት ስለ አሮጌው ባቡር ሲያወጉኝ ድምፃቸው የቀነሰው እዚህ ላይ ነበር፤ «ስንቱ ቤት ተዘጋ» ብለው አማተቡ። እንግዲህ ተሳፋሪው የማያስቸኩለው ጉዞ ሰላም የሚሆነው፣ የማያስቸኩለው ነገር የእውነት ሥርዓት ሲኖረው ነው። ኩርባው ላይ ቀንስ የሚለው ምልክት፣ ምልክቱን የሚያከብር ነጂ፣ መስመሩን የሚያይ ጠጋኝ። እነዚህ ሲጓደሉ፣ በእጃችን ምንም አለመኖሩ ራሱ አስፈሪ ይሆናል።

በቅርቡ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ሮቢት ለኛ ለደገኞች ካፖርት የምናወልቅባት፣ ማንጎና ፓፓያ ይዘን የምንመለስባት ከተማ ናት። ከአዋሽ ተነስቶ በሮቢት፣ በአጣዬና በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው አዲሱ መስመር በዚህ ያልፋል። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ይህን ሀዲድ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ በ2007 ዓ.ም. ነበር መሥራት የጀመረው። የአዋሽ–ኮምቦልቻው ክፍል ሊጠናቀቅ ጥቂት ሲቀረው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጠበቅ ቆየ፤ ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ ጉዳት አደረሰበት። ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ አንኮበር ለመውጣት ያቋርጠው በነበረው የተራራ ግርጌ ሀዲዱ ተዘርግቷል፤ ሽቦው በምሰሶ ላይ አለ፤ የሚያልፍ ተሳፋሪ ግን የለም። ሰሜን ሸዋ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ባቡር አግኝታ፣ ባቡሩን እንደገና በወሬ ታውቀዋለች።

አንድ ሽንኩርት ነጋዴ ጋር ቡና እየጠጣን ይህንኑ የዝግታ ሐሳቤን አነሳሁበት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አድምጦኝ «ወንድሜ፣ ሽንኩርት ዝግታ አያውቅም» አለ። ጆንያው ተጭኖ መኪናው ኬላ ላይ ሁለት ሌሊት ሲያድር ምን እንደሚሆን፣ ሮቢት ላይ የተገዛበት ዋጋና አዲስ አበባ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ በመካከሉ እንዴት እንደሚለወጥ አስረዳኝ። እኔም ተሸንፌ ልተወው ስል፣ ጨምሮ እንዲህ አለኝ፦ «ባቡሩ ግን ቀስ ቢል ምን ቸገረኝ? ሰዓቱን ይንገረኝ እንጂ። ማታ ጭኜ ነገ ጠዋት እንደሚገባ ካወቅሁ እንቅልፌን እተኛለሁ። መኪና እኮ አያስተኛም፤ በየሰዓቱ ሹፌሩ ጋር መደወል አለብኝ።»

እኔ ከመስኮት ዳር ሆኜ በብዙ ሐሳብ የደረስኩበትን እርሱ በሽንኩርት ጆንያ በኩል ደረሰበት። እኔን መስኮት ያሳየኝና እርሱን ሊያስተኛው የሚችለው ያው አንድ ነገር ነው፤ የማንም ንትርክ የማይለውጠው፣ አስቀድሞ የታወቀ ሰዓት። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ጉዞ ፈጣን ቢሆንም አያጣድፍም።

ስለዚህ መስመሩ አንድ ቀን ሥራ ሲጀምር የምመኘው ነገር ዝርዝር ጉዳይ ነው። ጭነቱ በሌሊት ይሂድ፤ ሰው የሚጭነው ግን ቀን ይሁን፤ ይህን የመሰለ አገር በጨለማ ማሳለፍ ግፍ ነው። በትንንሾቹም ጣቢያዎች ይቁም፤ አጣዬ ላይ ለሚወርድ አንድ ሽማግሌ ሁለት ደቂቃ መቆም ለባቡር ምንም አይደለም። ሮቢት ላይ የሚወርደውን ደገኛ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ደብረ ብርሃን የሚያወጣው አውቶቡስ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተያያዘ ይሁን፤ ያለዚያ ከባቡር ወርዶ ያንኑ የመናኸሪያ ግፊያ ይጀምራል። ከሁሉም በላይ ሰዓቱ በግልጽ ተለጥፎ ይከበር። ወንበር የመምረጥ ዕድል ለሚገጥመው ደግሞ ከወዲሁ ልንገረው፦ ከአዋሽ ወደ ሮቢት ለሚመጣ የግራው መስኮት፣ ከሮቢት ወደ አዋሽ ለሚሄድ የቀኙ ነው፤ የአንኮበር ተራራ የሚታየው በዚያ በኩል ነው።